ሕግ ከመውጣቱ በፊት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



 የተሰጠኝ ርእስ «የፖለቲካ ጥቅም በዘመናዊ ዲሞክራሲ የሕግ አወጣጥን እንዴት ይመራል?» የሚል ነው። ርእሱ ከዕድሜዬ ይበልጣል። ስለዚህ ከማውቀው ትንሽ ነገር ልጀምርና ወደ ትልቁ ልሂድ። ያም ትንሽ ነገር የራሴ ጥፋት ነው።

ባለፈው ዓመት የተማሪዎች ምክር ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። የጸሐፊው ሥራ ቀላል ይመስላል፤ ይኸውም በስብሰባው ላይ የሚነሡትን ጉዳዮች በደብተር ላይ በተራ መጻፍ ነው። በጥቅምት ወር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ጥያቄ አቀረቡ። በታችኛው ሕንፃ አጠገብ ያለው የውሃ ቧንቧ ስለ ተሰበረ ይጠገንልን የሚል ነበር። እኛ የላይኛው ክፍል ተማሪዎች ደግሞ ለእግር ኳስ ቡድናችን መለያ እንዲገዛ እንፈልግ ነበር። በሣጥኑ ውስጥ የነበረው ገንዘብ ለሁለቱም አይበቃም። እኔ የቧንቧውን ጉዳይ አልሰረዝሁትም፤ ለዚያ ድፍረቱ አልነበረኝም። ስድስተኛ አድርጌ ጻፍሁት እንጂ። ስብሰባችን አንድ ሰዓት ብቻ ስለ ነበረ ከአራተኛው ጉዳይ አልፎ አያውቅም። ደወሉ ይደወላል፤ ስድስተኛው ለሚቀጥለው ይተላለፋል፤ በሚቀጥለውም እንደ ገና ስድስተኛ ሆኖ ይጻፋል። እንዲህ እየሆነ እስከ መጋቢት ቆየ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው እንኳ «ቧንቧው አይጠገን» ብሎ እጁን አላወጣም። ድምፅ አልተሰጠበትም፤ ክርክርም አልተደረገበትም። መለያው ግን ተገዛ፤ ቧንቧው እንደ ተሰበረ ቀረ።

ስለ ሕግ አወጣጥ ስናስብ ብዙዎቻችን የምናስበው እጅ ሲወጣና ድምፅ ሲቆጠር ነው። ጋዜጣውም የሚጽፈው ይህንኑ ነው፤ ይህን ያህል ደገፉ፣ ይህን ያህል ተቃወሙ ይላል። እኔ ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው ግን ከዚያ በፊት ስላለው ሥልጣን ነው። ምን ለውይይት ይቅረብ፣ ምንስ ይቆይ ብሎ የሚወስነው እጅ ድምፅ ከሚሰጠው እጅ ይልቅ የበረታ ነው፤ ከዚህም ሁሉ በላይ አይታይም።

ይህን ነገር በአገራችን ክርክር ገጥሞት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባለጉዳይ የሚፈራው ፍርዱን ብቻ አይደለም፤ ቀጠሮውንም ነው። የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ይላል፤ በቀጠሮ ላይ ግን ምን ይግባኝ አለ? በሉቃስ ወንጌል በምሳሌ የተነገረላት መበለት የተቸገረችው ዳኛው ስለ ፈረደባት አይደለም፤ አልፈርድም ብሎ ስላቈያት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ፓርላማ ልምጣ። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የተሰጠው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። በዚያ ጊዜ እንደራሴዎቹን ሕዝቡ አልመረጠም። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ አደረገ፤ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ሴትም ወንድም፣ ድምፅ መስጠት ቻለ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ነበሩበት። አንደኛ፣ ለመመረጥ የሚፈልግ ሰው በሚመረጥበት አውራጃ ነዋሪና ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ሁለተኛ፣ የሕግ መወሰኛው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ፤ አብዛኞቹም መኳንንትና የቀድሞ ሹማምንት ነበሩ። የፖለቲካ ማኅበር ደግሞ አልነበረም። ስለዚህ ጭሰኛው ይመርጣል እንጂ አይመረጥም፤ የሚመርጠውም ብዙ ጊዜ የሚያርስለትን ሰው ወይም የዚያን ሰው ዘመድ ነበር።

በዚያ ዘመን ጭሰኛ ማለት ምን ማለት እንደ ነበረ ለእኛ ለከተማ ልጆች ማስረዳት ያስፈልጋል። በደቡቡ ክፍል በብዙ ጠቅላይ ግዛቶች፣ ለምሳሌ በኢሉባቦርና በከፋ፣ ከገበሬው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሰው መሬት አራሽ ነበር። ከምርቱ ለባለመሬቱ እንደ ስምምነቱ ሲሶ ወይም እኩሌታ ይከፍላል። በባለመሬቱ ላይ የተጣለው አሥራትም ዞሮ ዞሮ በእርሱ ትከሻ ላይ ያርፍ ነበር። ውል የለውም፤ ያለውም በቃል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን መልክ ለማስያዝ ሞክሮ በዓይነት የሚከፈለው የመሬት ኪራይ ከምርቱ ከአራት ሦስት እጅ እንዳይበልጥ ወሰነ። ይህን መጀመሪያ ሳነብ የተሳሳትሁ መስሎኝ ደጋግሜ አነበብሁት። በአብዛኛው ቦታ የሚከፈለው ከዚህ ያነሰ ስለ ነበረ፣ ጣራው የተሠራው ማንም ራሱን እንዳይመታው ሆኖ ነው።

ከዚህ በኋላ የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚደነግግ ረቂቅ ሕግ ተዘጋጅቶ ወደ ፓርላማ ቀረበ። ረቂቁ መሬት ለጭሰኛው ይሰጥ አላለም። የጠየቀው ጥቂት ነው፤ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ኪራዩ ልክ ይኑረው፣ ጭሰኛው ያለ ምክንያት አይነቀል፣ መሬቱን አሻሽሎ ከሆነ ሲለቅ ካሣ ያግኝ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው የሄዱት ይህ ጉዳይ ሲንከባለል ነበር። በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ጉዳይ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ተቋቋመለት፤ ጥናት ተጠና፤ ረቂቁም ታርሞ እንደ ገና ቀረበ።

ታዲያ ምን ሆነ? በአዳራሹ ተነሥቶ «ጭሰኛው ውል አያስፈልገውም» ብሎ ለታሪክ መጻፍ የሚወድ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ረቂቁ በግልጽ ከመውደቅ ይልቅ ቆየ። ለኮሚቴ ተመራ፤ ተመለሰ፤ ታረመ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። የእኔ ስድስተኛ ተራ ማለት ይህ ነው። እስከ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ፓርላማው እስከ ተዘጋበት ቀን ድረስ፣ ሕግ ሳይሆን ቀረ።

ቀጠሮ ደግሞ ዝም ብሎ የሚያልፍ ጊዜ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በአርሲ የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ በስዊድን መንግሥት እርዳታ ተጀመረ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፤ ምርቱ አደገ፤ የመሬቱም ዋጋ ወጣ። ያን ጊዜ ብዙ ባለመሬቶች ጭሰኛ ከማስቀመጥ ትራክተር ማስገባት እንደሚያዋጣቸው ዐወቁ። ስዊድኖቹ የጭሰኛው ሕግ ይውጣ እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ ሕጉ ግን በኮሚቴ ነበረ። ስለዚህ ገበሬውን ሊያበለጽግ የታሰበው ልማት አያሌ ጭሰኞችን ከመሬታቸው ነቀላቸው። የጽሑፍ ውል ቢኖራቸው ኖሮ ቢያንስ የሚከራከሩበት ወረቀት በእጃቸው ይሆን ነበር።

ይህን ስል ጥቅም ያለው ሰው ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። መምህራችን እንዳስተማሩን፣ ጥቅም የሌለው ሰው ሕግም አያስፈልገውም። ደግሞም ሕግን የሚያስቀረው ባለጸጋ ብቻ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. አሥራትን አስቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር የሚያስከፍል ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁ በፓርላማ አልፎ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞአል። ነገር ግን የጎጃም ገበሬ ልኬታው ርስቴን ሊያሳጣኝ ነው ብሎ ስለ ጠረጠረ ዐመፀ፤ ደምም ፈሰሰ። በመጨረሻ መንግሥት ውዝፉን ግብር ተወ፤ አገረ ገዥውንም ለወጠ። ባለ ትልቅ መሬቱ ሕጉን በኮሚቴ ያስቀራል፤ ኮሚቴ የሌለው ገበሬ ደግሞ በጠመንጃ ያስቀራል። ሁለቱም የሚጠብቁት የራሳቸውን ጥቅም ነው፤ የሚለያዩት በተሰጣቸው በር ነው። የሰው መሬት የሚያርሰው የአርሲው ጭሰኛ ግን ኮሚቴውም፣ ጠመንጃውም አልነበረውም።

«ይህ በዘውድ ዘመን የሆነ ነው፤ በዲሞክራሲ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም» የሚለኝ አይጠፋም። ስለዚህ ጥቂት ከአገር ውጭ ልሂድ። እንግሊዞች የፓርላማ እናት እየተባሉ ይመሰገናሉ፤ ነገር ግን የመሬት ጌቶች በበዙበት በዚያ ፓርላማ ከ1815 እስከ 1846 እ.ኤ.አ. የውጭ እህል በርካሽ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ጸንቶ ኖረ፤ የለንደንና የማንቸስተር ሠራተኛ እንጀራውን በውድ ገዝቶ በላ።

በአሜሪካም የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት አንድ ኮሚቴ አለ፤ ሥራው የትኛው ረቂቅ፣ መቼና በምን ዓይነት ሥርዐት ለክርክር እንደሚቀርብ መወሰን ነው። ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ12 ዓመታት ሊቀ መንበሩ ሃዋርድ ስሚዝ የሚባሉ የቨርጂኒያ ሰው ነበሩ። በ1957 እ.ኤ.አ. የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚመለከት ረቂቅ ወደ ኮሚቴአቸው በመጣ ጊዜ፣ በእርሻዬ ላይ ያለው ጎተራ ተቃጠለ ብለው ከዋሽንግተን ሄዱ። ሊቀ መንበሩ ከሌሉ ስብሰባ የለም፤ ስብሰባ ከሌለ ረቂቁ አይወጣም። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቆይቶ ግን የራሴ ስድስተኛ ተራ ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ። በ1961 እ.ኤ.አ. የኮሚቴው አባላት ከ12 ወደ 15 ከፍ እንዲሉ ተወሰነ፤ 217 ደግፈው 212 ተቃወሙ። አንድ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሊሠራው የሚያስበው ሥራ ሁሉ በሦስት ወንበሮች ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። የ1964ቱን የሲቪል መብት ሕግ ከዚሁ ኮሚቴ ለማውጣትም የአባላት ፊርማ መሰብሰብ አስፈልጎአል።

የአሜሪካኖቹና የእኛ ልዩነት ምን ላይ ነው? እነርሱ ዘንድ በሩን የያዘው ሰው ስሙ ታወቀ፤ ጋዜጣ ጻፈበት፤ በኋላም ወንበሮቹ ተጨመሩበት። እኛ ዘንድ በሩ እስኪሰበር ተጠበቀ።

ሲሰበርም እንዴት እንደ ተሰበረ ይታወቃል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ በዐዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት በሙሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ። ጭሰኝነት በአንድ ቀን ቀረ። ጥቂቱን፣ የጽሑፍ ውልን፣ ለዓመታት ያቈዩ ባለመሬቶች ሁሉን አጡ። ጭሰኛው ተደሰተ፤ መደሰቱም እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ሕግ ደግሞ ከጭሰኛውም ከባለመሬቱም ጋር ምክር ያልተደረገበት ነበር። ቀድሞ ረቂቁ ወጥቶ እንዳይታይ በኮሚቴ ይዘጋ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሕጉ ሳይታይ ወጣ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ዐዋጅ ቁጥር 47 ተከተለ። ይህኛው የእኛ የከተሞቹ ነው። በቂርቆስና በካዛንቺስ ያደግን ልጆች የዐዋጁን ቁጥር ባናውቀውም ኖረንበታል። የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ፈቀደ፤ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸውን ቤቶች ለቀበሌ ሰጠ፤ ኪራዩንም ቀነሰ። «የቀበሌ ቤት» የሚባለው ነገር የተወለደው በዚያ ቀን ነው።

አያቴ በካዛንቺስ ከ50 ዓመት በላይ ኖረዋል። ካዛንቺስ የሚለው ስም ኢጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሩአቸው ቤቶች የመጣ ነው፤ የአያቴ የጭቃ ቤት ግን ከእነዚያ መካከል አልነበረችም። በጓሮ በኩል ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ዐዋጁ በሬዲዮ የተነገረ ቀን እልል እንዳሉ ይነግሩኛል። የኪራዩ ገንዘብ ሲቀንስ የተረፈችው ብር አባቴን ትምህርት ቤት አስገብታለች፤ ስለዚህ እኔም ዛሬ እዚህ የቆምሁት በዐዋጅ ቁጥር 47 ምክንያት ጭምር ነው ማለት እችላለሁ። አያቴ ግን ታሪኩን እዚያ ላይ አያቆሙትም። አከራያቸው የነበሩት ሴት ሁለት ክፍል አከራይተው የሚኖሩ መበለት ነበሩ። ያን ዕለት ማታ በአጥሩ ማዶ ሲያለቅሱ ተሰማ። አያቴ በማግሥቱ ቡና አፍልተው ጠሩአቸው፤ እኒያም መጡ፤ ስለ ዐዋጁ ግን ሁለቱም ቃል አልተናገሩም። «ምን እንላለን? እኔንም እርሷንም የጠየቀን የለም» ይላሉ አያቴ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲነሣ አያቴም ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተነሡ። አሁን ያሉበት ቤት ከጓሮዋ ክፍል ይሻላል፤ ውሃው በቤት ውስጥ ነው፤ ይህን አልክድም። ዕቃ ስናወጣ ከአልጋው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ፤ በውስጡ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የተከፈለበት የኪራይ ደረሰኝ በክር ታስሮ ተቀምጦአል። ለምን እንዳስቀመጡት ብጠይቃቸው «አንድ ቀን የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ ብዬ ነው» አሉኝ።

ስለ ዛሬው ምክር ቤት በጥቂቱ ልናገርና ላብቃ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ወስኖአል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም እስከ 550 አባላት ይኖሩታል። ንብረት ያለው ብቻ ይመረጥ የሚለው ነገር ቀርቶአል፤ የፖለቲካ ፓርቲዎች አሉ። ይሁን እንጂ በሩ አሁንም በር ነው። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት እንኳ ከአንዱ ምክር ቤት አሥር አባላት ከተስማሙ የሕግ ሐሳብ ማቅረብ ይችሉ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ተቃዋሚዎች ከ170 በላይ መቀመጫ ባገኙበት ምርጫ ማግሥት፣ ዘመኑን ሊፈጽም የተቃረበው ምክር ቤት ደንቡን ለወጠ። ቀድሞ 20 አባላት አጀንዳ ማስያዝ ይችሉ ነበር፤ በአዲሱ ደንብ ግን ከግማሽ በላይ የሆነ ድጋፍ አስፈለገ። ደንቡ ኋላ እንደ ገና ተሻሽሎአል። በዚያ ዓመት አገሩ ሁሉ ስለ ድምፅ ቈጠራ ሲከራከር፣ ስለዚህ ስለ አንድ አንቀጽ የተከራከረው ጥቂት ነበር። በእኔ አስተያየት ግን ከቈጠራው የማያንስ ነገር ነበር፤ 170 ሰው ገብቶ የሚነጋገርበትን ማስያዝ ካልቻለ፣ ወንበር እንጂ ድምፅ አላገኘም። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ደግሞ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ መቀመጫዎቹን በሙሉ ስለ ያዙ፣ ያ ጥያቄ የሚነሣበትም ሰው አልነበረም።

ከእናንተ መካከል ነገ እንደራሴ፣ ዳኛ፣ ወይም የቀበሌ ጸሐፊ የሚሆን አለ። ወላጆቻችንም በሚቀጥለው ምርጫ ይሰለፋሉ። ለመመረጥ የሚመጣውን ሰው ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «ምን ትሠራልናለህ?» ብለን ነው። እኔ ብጠይቀው የምፈልገው ሌላ ነው፤ ባለፈው ዓመት የትኛው ጉዳይ ሳይነሣ ቀረ? በየትኛውስ ኮሚቴ ተቀምጦአል? ያቈየውስ ማን ነው?

የእኔን ነገር ልጨርስ። በመጋቢት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ከስብሰባው በኋላ ወደ እኔ መጥቶ ደብተሩን እንዳሳየው ጠየቀኝ። አሳየሁት። ገጾቹን ወደ ኋላ እየገለጠ ስድስት ቁጥርን በየገጹ በጣቱ ነካ፤ አምስት ገጽ። ምንም አላለኝም። በሚቀጥለው ስብሰባ የቧንቧውን ጉዳይ አንደኛ አድርጌ ጻፍሁት፤ ውይይቱም ከስምንት ደቂቃ በላይ አልፈጀም። ዘንድሮ ጸሐፊው እኔ አይደለሁም። ደብተሩን ሳስረክብ ያ ልጅ ለጸሐፊነት ተወዳድሮ ተመርጦ ነበርና ለእርሱ ሰጠሁት። ባለፈው ሳምንት በበሩ በኩል ሳልፍ ሰሌዳው ላይ የለጠፈውን የስብሰባ ዝርዝር አየሁ፤ የእግር ኳስ ቡድኑ አዲስ ጥያቄ ስድስተኛ ሆኖ ተጽፎአል።